ሪሰርች ሜተድን (የምርምር ዘዴ ኮርስን) በአንድ ጥያቄ መከለስ፦ «ስንት በግ አለዎት?»

(ለተመራቂ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎችና ቲቶሪያል ለሚሰጡ መምህራን ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ንግግር፤ በቃል እንደተነገረው፣ ብዙም ሳይስተካከል የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ብርድ በጠዋቱ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ጊዜያችሁን እንዳላባክን በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ፣ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ ስለዚህ የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ ሁሉ ሐሳቡ እሱ ላይ ነው፣ አልፈርድባችሁም፣ ቤተሰብ ስንት ዓመት ተቸግሮ ያስተማረው ልጅ ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ክለሳ የምንለው ነገር የያዘው መልክ ነው። ሃንድአውት ይበተናል፣ ጥያቄና መልስ በቴሌግራም ይላካል፣ ከዚያ ዶርም ገብቶ ችከላ ነው፣ ቫሊዲቲ ማለት ይሄ፣ ሪላያቢሊቲ ማለት ይሄ፣ ስትራቲፋይድ ሳምፕሊንግ ማለት ይሄ እየተባለ። ሌሎች ኮርሶች ላይ ይሄ ትንሽ ያስኬድ ይሆናል፣ ማን ምን አለ የሚለውን መሸምደድ ይቻላል። ሜተድ ላይ ግን አያስኬድም፣ ምክንያቱም የሜተድ ጥያቄ ጥሩ ሆኖ ሲወጣ የሚመጣው በሁኔታ ነው፣ «አንድ ተመራማሪ እንዲህ አድርጎ እንዲህ አገኘ፣ ችግሩ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ እና ትርጉም ብቻ የቸከለ ልጅ አራቱም ምርጫ ትክክል ይመስሉታል።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ሙሉውን ኮርስ አንድ ተራ ጥያቄ ይዛችሁ ከልሱት። አንድ ብቻ። ሰው ቤት ሄዳችሁ የምትጠይቁት፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለ ሰው የሚመልሰው ጥያቄ። ከፕሮፖዛል እስከ አናሊሲስ ያለው ነገር ሁሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ አለ፣ ዛሬ እሱን ነው ማሳየት የምፈልገው።

ከተማሪዎቼ ጋር የመጠይቅ ፕሪቴስት (ከዋናው ጥናት በፊት የሚደረግ ሙከራ) ልናደርግ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ወዳለች ከከተማው ብዙ ወደማትርቅ ቀበሌ ሄደን ነበር። ርዕሱ የቤተሰብ ኑሮ ደረጃ ነው፣ ደጋ ስለሆነ ያለው ገብስና በግ ነው፣ ስለዚህ ከጥያቄዎቹ አንዷ «ስንት በግ አለዎት?» የምትል ናት። አንድ አባት ከደጃቸው ተቀምጠው አገኘናቸው፣ ተማሪው ጎንበስ ብሎ ሰላም ካለ በኋላ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ስንት በግ አለዎት?»

«ተመስገን፣ አሉ።»

«ስንት ይሆናሉ አባባ?»

«ምን አለ ብለህ ነው ልጄ፣ ስድስት ትሆናለች።»

ተማሪው 6 ብሎ ጻፈ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር አልለቀቁንም፣ እንደተቀመጥን መሸ፣ እና እረኛው ልጅ በጎቹን እየነዳ መጣና በረት አስገባቸው። ተማሪዎቹ አይናቸው እዚያው ነው፣ ቆጠሩ፣ 19። አንዷ ቀስ ብላ «መምህር፣ ዋሽተውናል» አለችኝ። እኔም ዝም ብለሽ አትፍረጂ፣ የማን የማን እንደሆኑ ጠይቂያቸው አልኳት። ጠየቀች፣ እሳቸውም ሳይደብቁ አንድ በአንድ ነገሯት፦ አራቱ ከተማ የሚኖረው የሚስታቸው ወንድም በርቢ የሰጣቸው ናቸው፣ ሦስቱ ምራታቸው ከቤቷ ይዛ የመጣቻቸው ናቸው፣ እሳቸው አይሸጧቸውም አያርዷቸውም፣ አምስቱ ግልገል ናቸው፣ ግልገል ደግሞ ክረምቱን ሳይወጣ በግ ተብሎ አይቆጠርም፣ አንዷ ለጊዮርጊስ የተሳሏት ናት። የቀሩት ስድስት። ሰውዬው ስድስት አለኝ ያሉት ስድስት ስላላቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይሄ ሰውዬ መጠይቁ ላይ 6 ተብሎ ገብቶ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ተጽፎ አበቃ ማለት ምን ማለት ነው? ጥናቱ ስለ ሀብት ከሆነ 6 ቅርብ ነው፣ ያም ቢሆን ከርቢው የሚደርሳቸውን ድርሻ አላስገባም። ጥናቱ ስለ ልጆች የእረኝነት ጫናና ከትምህርት ቤት ስለ መቅረት ከሆነ ግን መልሱ 19 ነው፣ ምክንያቱም ያ ልጅ የርቢውንም የምራትየዋንም ግልገሉንም ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ጥናቱ በቤት ውስጥ ሴቶች ስላላቸው ንብረት ከሆነ ደግሞ ሦስቱ ናቸው ዋናው ቁጥር። ያው ቤት፣ ያው በረት፣ ያው ምሽት፣ መልሱ ግን እንደ ጥናቱ ይለያያል። ኦፕሬሽናላይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው፣ ሃሳብህን ወደሚቆጠር ነገር ስታወርድ ምኑን እንደምትቆጥር መወሰን፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቫሊዲቲም ይሄ ነው፣ ለካሁ ያልከውን ነገር ነው የለካኸው ወይ?

አሁን ሪላያቢሊቲ። ነገ ሌላ ተማሪ ሄዶ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቃቸው 6 ይላሉ። ከነገ ወዲያም 6። አንድም የተዛባ የለም፣ መለኪያው ወጥ ነው። ለእረኝነት ጥናት ግን ወጥ ሆኖ ስህተት ነው። እንግዲህ ፈተና ላይ «አንድ መለኪያ ሪላያብል ሆኖ ቫሊድ ላይሆን ይችላል ወይ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ቃል በቃል ሃንድአውት ማስታወስ አይጠበቅባችሁም፣ እኚህን አባት አስታውሱ ይበቃል። ዩኒት ኦፍ አናሊሲስም እዚሁ ነው፣ ግለሰቡን ነው የምታጠናው፣ ቤተሰቡን ነው፣ ወይስ በረቱን? ምራትየዋ ከእነሱ ጋር ታበስላለች ወይስ ጎጆ ወጥታለች? አንድ ቤተሰብ ማለት በአንድ ድስት የሚበላ ነው ብላችሁ ትወስናላችሁ ወይስ በአንድ ጣሪያ የሚያድር? ይሄን ሳትወስኑ ሜዳ ከወጣችሁ እያንዳንዱ ዳታ ሰብሳቢ በራሱ መንገድ ወስኖ ይመጣል፣ ከዚያ ምን ብታደርጉት አይስተካከልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ከቀበሌ ሰው ጋር ብንሄድ ኖሮ መልሱ 6 ላይሆን ይችል ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበር ከጎንህ ቆሞ ንብረት ስትጠይቅ ሰው የሚሰማው የግብር፣ የመዋጮ ወይም የሴፍቲኔት ምልመላ ጥያቄ ነው። ሀብት በዛ ካለ ከዕርዳታው ይሰረዛል፣ አነሰ ካለ ደግሞ በጎረቤት ፊት ያፍራል። ሰዎች ለምን ቁጥር ያሳንሳሉ ብሎ ከማማረር በፊት ማን ሆነህ እንደምትታያቸው ማሰብ ነው። ከብት መቁጠርን በራሱ የማይወዱም አሉ፣ ያም መከበር አለበት።

እሺ፣ ወደ ሳምፕሊንግ፣ ወደ ናሙና አመራረጥ ልሂድ፣ እዚህ ላይ በጣም የምናገረው አለኝ።

ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የጻፈ ሁሉ ያቺን የናሙና መጠን የምታሰላ ፎርሙላ ያውቃታል፣ የታሮ ያማኔን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ላይ ያለችውን። የሕዝቡን ቁጥር በስህተቱ ስኩዌር ታባዛለህ፣ አንድ ትደምርበታለህ፣ ከዚያ የሕዝቡን ቁጥር ለወጣው ታካፍላለህ። ቀበሌው 1,200 አባወራ ካለው፣ ስህተቱን 5 ከመቶ ካደረግከው፣ 1,200 ለ4 ሲካፈል 300። ቆንጆ ቁጥር ነው። 20,000 ቢሆን ደግሞ 392 ይመጣል፣ ሚሊዮን ቢሆንም 400 አይሞላም፣ ስለዚህ ነው ላይብረሪ ያለው ሲኒየር ኢሴይ ሁሉ ሦስት መቶ ምናምን የሚለው። ፎርሙላው ምንም አላጠፋም። የሚሠራው ግን ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ነው። ተማሪው ምዕራፍ ሦስት ላይ 300 ብሎ እስከ ነጥቡ አስልቶ ይጽፋል፣ ከዚያ ገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሰው ያስሞላል። ገበያ ማን ይመጣል? የሚሸጥ ያለው፣ እግሩ የሚችል፣ ልጅ የሚይዝለት። አልጋ ላይ ያለችው እናት፣ የሚሸጥ የሌለው፣ ከገደሉ ማዶ ያለው አልመጣም። በዚህ መንገድ 300 ይሁን 3,000 ለውጥ የለውም።

ይሄን ደግሞ ዓለም ትልቅ ዋጋ ከፍሎ የተማረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ምርጫውን ማን ያሸንፋል ብሎ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ላከ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት፣ አስቡት ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ እና የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፕሬዚዳንቱ ሩዝቬልት ከ48 ስቴቶች 46ቱን ወስዶ አሸነፈ። ስም ዝርዝሩን የወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ በዚያ ላይ መልሶ የላከውና ያልላከው ሰው አንድ ዓይነት አልነበረም። በዚያው ምርጫ ጆርጅ ጋሉፕ የሚባል የሕዝብ አስተያየት አጥኚ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ይሄን ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ ሳምፕሊንግ ፍሬም (ናሙና የሚመረጥበት ዝርዝር) ምንድን ነው፣ ነንሪስፖንስ ባያስ (ያልመለሱት ሰዎች የሚያመጡት መዛባት) ምንድን ነው ቢባል አይደናገርም።

እዚህ እኛ ጋ ፍሬሙ ምንድን ነው? የቀበሌ ዝርዝር። ያ ዝርዝር ለምን ተዘጋጀ? ለመሬት ግብር ነው፣ ለማዳበሪያ ነው፣ ለሆነ ሥራ ነው የተዘጋጀው፣ ለእናንተ ጥናት አይደለም። መሬት ያልደረሰው ወጣት እዚያ ላይ የለም፣ ካባቱ ጋር ተጠቃሎ ነው ያለው። ከተማ ላይ ደግሞ ተከራይ አይገኝም፣ የቤቱ ባለቤት እንጂ። ስለ ወጣት ሥራ አጥነት አጠናለሁ ብለህ በዚህ ዝርዝር ዕጣ ብታወጣ ዕጣህ ትክክል ሆኖ የምትፈልገው ሰው ግን አንድም ላይወጣልህ ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ዝርዝሩን ይዞ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር፣ ከዕድር ዳኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቁጭ ብሎ ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ ነው።

አገራችን ላይ በደንብ የተሠራ ነገር ማየት ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ሰርቬይ ሪፖርት ገልጦ ስለ ሳምፕል ዲዛይኑ የሚለውን ያንብብ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከፋፈላቸውን የቆጠራ ቦታዎች መነሻ አድርገው በመጀመሪያ 645 ቦታ መረጡ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ ሄደው ቤቶቹን አዲስ መዘገቡ፣ ከዚያ ነው ቤተሰብ የመረጡት፣ በመጨረሻም 16,650 ቤተሰብ አነጋገሩ። ለምን መጀመሪያ አዲስ መዘገቡ? ቆጠራው ዓመታት አልፈውታልና። እኛ አገር ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ የ1999ኟ ደብረ ብርሃን እንዳልሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መልቲስቴጅ (በደረጃ በደረጃ መምረጥ)፣ ክላስተር (በአካባቢ ስብስብ መምረጥ)፣ ስትራቲፋይድ (ሕዝቡን በየምድቡ ከፍሎ መምረጥ) የሚባሉት ሦስቱም በዚያ አንድ ሪፖርት ውስጥ ሥራ ላይ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፣ ከየትኛውም ሃንድአውት ይሻላችኋል።

ስለ መጠይቅ አሞላል በአጭሩ። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም እያልን የምንደረድረውን ይዘን ገጠር ስንሄድ ሰው እንግዳ ላለማስቀየም ይስማማል። አንድ እናት ሁሉንም «ይሁን ልጄ፣ እስማማለሁ» ካሉ ያ መልስ የአክብሮት መልስ ነው፣ የሐሳባቸው ላይሆን ይችላል። ተመሳሳዩን ነገር ገልብጣችሁ ሁለት ቦታ ጠይቁ፣ ሁለቱንም ከተስማሙ ታውቃላችሁ። ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት አማርኛ ተምሮ እዚሁ መንዝ ተቀምጦ ያጠና ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ከትልልቅ ጉዳዮቹ አንዱ የሰውን ንግግር ላይ ላዩን ብቻ መውሰድ እንደማያዋጣ ነበር። እሱ በሌላ አገር ሰውነቱ ለዚህ ከተጨነቀ እኛ የዚሁ አካባቢ ልጆች ሆነን ሳንጨነቅ መቅረታችን ይከብደኛል።

የሚባለውና የሚደረገው መለያየቱም እንደዛው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሪቻርድ ላፒየር እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመውን ሁላችሁም ኮርስ ላይ አይታችሁታል፣ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን እየዞረ 251 ሆቴልና ምግብ ቤት ገባ፣ አንድ ቦታ ብቻ ከለከሏቸው፣ በኋላ ለነዚያው ቦታዎች «ቻይናዊ ትቀበላላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ ከመለሱት ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት አንቀበልም አሉ። እዚህ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ተቃራኒው ነው፣ አፉ «ሴት ልጅ መማር አለባት» ይላል፣ ውኃ የምትቀዳው ግን እሷ ናት። ስለዚህ ጠይቁም፣ ተመልከቱም።

ኳሊታቲቭ (በቁጥር ሳይሆን በቃለ መጠይቅና በምልከታ የሚሠራ ጥናት) ይቀላል ብሎ የሚገባበትን ተማሪ በተመለከተ ደግሞ፦ አይቀልም። ቁጥር ስለሌለው ነው የቀለለ የመሰለው። የመንዝ ጓሳን፣ ያን የጋራ የሣር መሬት ውሰዱ። ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጠባቂ ሾሞ፣ የሚከፈትበትን ቀን ወስኖ እየቆረጠ ያን ሁሉ ዘመን አቆይቶታል፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ። አሁን ይሄ እንዴት ይሠራ ነበር፣ ሕግ የጣሰ ምን ይደረግ ነበር፣ ማን ይገለል ነበር የሚለውን በ300 መጠይቅ አታገኙትም፣ ሽማግሌዎች ጋር ደጋግሞ መቀመጥ፣ አንዱ ያለውን ከሌላው ጋር ማመሳከር፣ ባለርስቱ የሚለውንና ርስት ያልነበረው የሚለውን ለየብቻ መስማት ይጠይቃል። ፎከስ ግሩፕ (የቡድን ውይይት) ብሎ ሽማግሌና ወጣትን አንድ ላይ አስቀምጦ ወጣቱ ዝም ሲል «ተስማምተዋል» ብሎ መጻፍ ኳሊታቲቭ አይደለም።

ኤቲክስን (የምርምር ሥነ ምግባርን) መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ አድርገን ስለምናስተምረው ተማሪዎችም አንድ ገጽ ነው የሚመስላቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አሉ። ለተማሪ ቅርብ ናቸው፣ በእግር ይደረሳል፣ ርዕሱም ከባድና ትኩረት የሚስብ ነው፣ ስለዚህ ሲኒየር ኢሴይ ጊዜ ሲደርስ ሁሉም ወደዚያ ነው። አንዲት እናት የደረሰባትን ለስንተኛ ጊዜ ነው የምትናገረው? ወረቀትና እስክርቢቶ የያዘ ሰው ሲመጣ ዕርዳታ ይዞ የመጣ መስሏት ተስፋ ታደርጋለች፣ ያን ተስፋ ማን ይመልሳል? ፈቃድ ማለት ፊርማ አይደለም፣ ብዙ ሰው ፈርም ሲባል ይደነግጣል፣ በአማርኛ በቀላሉ ማን እንደሆንክ፣ ለምን እንደምትጠይቅ፣ ምንም ጥቅም እንደማያገኙበት፣ እምቢ ማለት እንደሚችሉ ነግረህ የቃል ስምምነት መቀበል ይሻላል። እኔ አድቫይዝ የማደርጋቸውን ተማሪዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይሄ ርዕስ የግድ በእነሱ ላይ መሠራት አለበት ወይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም።

መምህራን፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። አሁን ቻትጂፒቲ የሜተዶሎጂ ምዕራፍ ይጽፋል፣ ከብዙ ተማሪ የተሻለ አድርጎ ይጽፋል፣ ስለዚህ ምዕራፉን በማንበብ ብቻ ግሬድ መስጠት አብቅቷል። ተማሪውን አስቀምጡትና የመጀመሪያውን ቤት እንዴት እንደመረጠ፣ ሰው ባይኖር ምን እንዳደረገ፣ ሰዎቹ የቱ ጥያቄ ላይ እንደተቸገሩ ጠይቁት። ሜዳ የወጣ ልጅ አስር ደቂቃ ሳያቋርጥ ያወራችኋል።

በመጨረሻ ከተሰብሳቢው ሁለት ጥያቄ ተነስቶ ነበር። አንዷ ተማሪ «እኛ ከተማ ነው ያደግነው፣ የጸጥታው ሁኔታም ገጠር አያስወጣም፣ ምን እናድርግ?» አለች። ልክ ነሽ፣ ማንም ራሱን አደጋ ላይ ጥሎ ዳታ እንዲሰበስብ አልመክርም። ከግቢው በር አትራቁ። «የቤት ኪራይ ስንት ትከፍላለህ?» የምትለዋን ውሰዱ፣ ውኃና መብራት አለበት ወይ፣ ሦስት ሆነው ለተከራዩት ስንት ይጻፋል፣ አከራይ አጠገብ ቆሞ ሲጠየቅስ ያንኑ ይላል ወይ፣ ግቢ ውስጥ ዶርም ያለው ሰው የጥናቱ አካል ነው ወይ? ከበጉ የማይተናነስ ነገር አለው።

ሌላው «ፈተናው ቀርቧል፣ ይሄ ጊዜ አይፈጅም ወይ?» አለኝ። አይፈጅም። አምስት አምስት ሆናችሁ አንድ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ ማታ ተመልሳችሁ የኮርሱን ማውጫ ገልጣችሁ እያንዳንዱ ርዕስ ጥያቄያችሁ ላይ የቱ ጋ እንዳጋጠማችሁ ጻፉ፣ ያላጋጠማችሁ ርዕስ ካለ እሱን ብቻ ከሃንድአውት አንብቡ። ቅዳሜ ቲቶሪያል ላይ ጥያቄያችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳይሆን ሰውዬው ፊት ቆማችሁ የጠየቃችሁበትን አማርኛ፣ ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ እያወጣን እንሠራቸዋለን።